የካውያው ቆርቆሮ

ልብስ ሰፊው ኑርሑሴን ሲቆጣ አይጮህም። ጨዋ ስለሆነ አይደለም፤ ከጠዋት እስከ ማታ አፉ በስፒል የተሞላ ስለሆነ ነው። ደንበኛ ሲያስቸግረው በከንፈሩ የያዛቸውን ስፒሎች በምላሱ ከግራ ወደ ቀኝ ያዞራቸዋል። ሚስቱ መዲና ጓዳ ሆና ዝምታው ሲረዝምባት «ዛሬም ስፒሉ ዞረ» ትላለች፤ ነገር መኖሩን በዚያ ታውቃለች።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ክረምት ግን ስፒሉ መዞር አበዛ። ምክንያቷም አንዲት የድመት ግልገል ናት።

ቤታቸው ጣና ዳር ካለችው ከተማ፣ ግሽ አባይ ሠፈር ነው፤ የፊተኛው ክፍል መስፊያ፣ የኋለኛው መኖሪያ። ክረምት ሲገባ አይጥ ከየሜዳው ተሰብስቦ ወደ ቤት መግባቱ ያለ ነው፤ ያን ዓመት ግን ሠርግ እንደ ተጠራ ዘመድ ነው የጎረፈው። በዚያ ዘመን ደግሞ ጨርቅ እንደ ልብ አይገኝም። ሰው ቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ ያገኛትን ካኪ ወይም አቡጀዲ ታቅፎ ወደ ሰፊ ይመጣል፤ ቢበላሽበት የሚተካበት የለውም። አይጥ ይህን ከየት ታውቃለች? የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እጅጌው ተቀርጥፎ ሲገኝ መዲና ታገሠች ታገሠችና ለጎረቤቷ ለእናትዓለም ነገረቻት።

እናትዓለም ሰባታሚት፣ ገጠር ዘመዶች አሏት። እነሱን ልትጠይቅ ሄዳ ስትመለስ ግራጫ ግልገል በከረጢት ቋጥራ መጣች። ድመት ከቤት ወደ ቤት የምትሄደው በከረጢት ነው፤ መንገዱን ካየች ተመልሳ ትሄዳለችና።

«እንግዲህ ሰሞኑን ከቤት አታስወጧት፤ አመድ ስጧት፤ ሌላውን ራሷ ታውቀዋለች» አለች እናትዓለም ከረጢቱን እየፈታች።

«ከእኔ ካውያ አመድ አያጥራትም» አለ ኑርሑሴን።

እውነቱን ነው። የሚተኩሰው በከሰል ካውያ ነው። ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር አፉ የተቆረጠ የዘይት ቆርቆሮ አለ፤ ከሰሉ ሲደክም የካውያውን ክዳን ከፍቶ እዚያ ይደፋል። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ እንዲህ ሲደፋ ስለኖረ እጁ ዓይኑን ሳይጠይቅ ነው የሚሠራው። መዲና ቆርቆሮውን ብታይ ግማሽ ድረስ ቀዝቃዛ አመድ ይዟል። ግልገሏን ብድግ አድርጋ ከዚያ አስቀመጠቻት። ግልገሏም በፊት እግሯ ጫር ጫር አደረገች፣ ጉዳይዋን ጨረሰች፣ አልብሳው ወጣች። ቤተ ሰቡ ደስ አለው፤ የተማረች ድመት መጣችልን አሉ።

ፈሪ ግን ነበረች። የሣር ቤት ልጅ ናት፤ ዝናብ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ሰምታ አታውቅም። የመጀመሪያው ዶፍ ሲለቀቅ ሰማይ የተናደባት መስሏት በስፌት መኪናው ሥር፣ በጠረጴዛው ሥር ተራወጠችና በመጨረሻ የኑርሑሴን እናት እመት ጀሊላ ጭን ላይ ወጣች። እመት ጀሊላ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ቀኑን ሙሉ በመስፊያው ክፍል ጥግ ካለው የእንጨት መደብ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ጭናቸው ላይ የወጣውን ነገር በእጃቸው ዳሰሱ።

«ማነሽ አንቺ? ልብሽ እንዲህ የሚመታ፣ ማን አባሮሽ ነው?» አሉ።

ኑርሑሴን የመኪናውን መዘውር በእጁ ያዘና አቆመው። እሱ ባለበት እናቱ አፋቸውን ከከፈቱ ወራት አልፎ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኑርሑሴንና መዲና አንድ ልጅ አላቸው፤ ሙሀመድሰዒድ ይባላል። ያሳደጉት አያቱ ናቸው፤ ጡት ከጣለ ጀምሮ ከሳቸው ጋር ነው የሚተኛ። የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ ሲመጣ ልጃቸውን ወደ ገጠር ያሸሹ ሰዎች ነበሩ። እመት ጀሊላም ወረታ ካሉት ዘመዶቻቸው ጋር ጨርሰው ነበር፤ ልጁ በጠዋት መኪና ይሄዳል። ኑርሑሴን ግን ቀደም ብሎ ተነሣና ልጁን እጁን ይዞ ቀበሌ ወሰደው፤ አስመዘገበው። ልጁ ቢጠፋ የቀበሌውን ቤት ትለቃለህ፣ ከሰፊዎች ማኅበር ትወጣለህ፣ ራስህም ትታሰራለህ ብለውት ነበር። በኋላ ለሰው ብዙ ምክንያት ደርድሯል። እውነቱ ግን ፈርቶ ነው።

ልጁ ወደ ማሠልጠኛ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ሄደ። እመት ጀሊላ አልጮኹም፣ አልተራገሙም። ለልጃቸው መናገር ብቻ ተዉ። ከመዲና ጋር ይጫወታሉ፣ ጎረቤት ሲመጣ ይጠይቃሉ፣ ኑርሑሴን ሲገባ ግን አፋቸው እንደ ተሰፋ ኪስ ይዘጋል። «እማ፣ እንዴት አደርሽ?» ሲላቸው የሚመልስለት ግድግዳው ነው። ሰው ከሰው ቢጣላ እናቱ ታስታርቀዋለች፤ ከእናቱ ቢጣላስ ወደ ማን ይሄዳል? ኑርሑሴን ይህን ለማንም አልተናገረም። በልቡ ግን በጣም ያመው ነበር።

ድመቷ ከመጣች ወዲህ እመት ጀሊላ ቀኑን ሙሉ ያወራሉ፤ ከድመቷ ጋር። ለልጅ እየነገሩ ለምራት ማሰማት በአገራችን የቆየ ዘዴ ነው፤ ለድመት እየነገሩ ለልጅ ማሰማት ግን እሳቸው ያመጡት ነው። «ውሮ፣ ይህ መኪና ዘይት ጠምቶት ይጮሃል» ሲሉ ኑርሑሴን ተነሥቶ ዘይት ያጠጣል። «ውሮ፣ ያ ሰውዬ ምሳውን ሳይበላ ሊውል ነው?» ሲሉ እጁን ሊታጠብ ይሄዳል። ያ ሰውዬ የተባለው እሱ ነው። ቢሆንም ደስ ይለው ነበር። ከግድግዳ ድመት ይሻላል።

እንዲህ አምሮ ሳለ ነው እንግዲህ ድመቷ ከቆርቆሮዋ ጋር የተጣላችው። በመጀመሪያ የጨርቅ ቁርጥራጭ የሚጠራቀምበት ቅርጫት ውስጥ ሸናች። ቀጥላ መዲና ፍራሽ ላይ። አንድ ቀን ደግሞ ኑርሑሴን ለዙህር ሶላት ውዱእ አድርጎ መስገጃውን ቢዘረጋ ረጥቦ አገኘው፤ ጥሬ አቡጀዲ አንጥፎ ሰገደና ሲጨርስ ስፒሎቹን ወደ አፉ መልሶ አንድ ጊዜ አዞራቸው።

እናትዓለም ተጠርታ መጣች። «ይች ምን ትቸግራለች? አፍንጫዋን ከሸናችበት እሽት አድርጎ ሁለቴ መታ መታ ነው። ድመት በዚያ ነው የምትማር» አለች።

መዲና የተባለችውን አደረገች። ድመቷ ግን ሌላ ትምህርት ነው የተማረችው፤ ከዚያ ወዲያ መዲናን ስታይ ግድግዳ ታክካ ትሄዳለች፣ ሽንቷም ሰው በማያይበት፣ ከጨርቁ ክምር ኋላ፣ ከልብስ ሳጥኑ ሥር ሆነ። ሽታው እንጂ ቦታው አይገኝም። እመት ጀሊላ ከጥጋቸው ሆነው «ውሮ፣ አፍ የሌለውን ፍጥረት የመታ አላህ ይጠይቀዋል በያቸው» አሉ። መዲና አፈረች፤ ዳግመኛም እጇን አላነሣችባትም።

ኑርሑሴን በበኩሉ ለእናቱ ሲል ለድመቷ ተጨነቀ። አመዱ ቆሽሾባት ይሆናል ብሎ ቆርቆሮውን ወስዶ ደፋው፤ አጠበው፤ ተኩሶ ሲጨርስም ከካውያው አዲስ አመድ ገለበጠላት። ድመቷ መጣች። ቆርቆሮው አፍ ላይ ቆማ አሸተተች፣ አንድ እግሯን አነሣች፣ አየር ላይ እንዳንጠለጠለችው ቆየችና መልሳ ሰበሰበችው። ዞራም ሄደች።

«ቅንጦት!» አለ ኑርሑሴን። «የሰባታሚት ድመት የከተማ አመድ ናቀች።»

«ውሮ፣ እግርሽን ምን ነካሽ?» አሉ እመት ጀሊላ ጭናቸው ላይ ስትወጣ። «ለምን ትሰበስቢዋለሽ? ምን ረገጥሽ?»

ኑርሑሴን ሰምቷል። ግን ዘይት ጠማው ወይም ምሳ ቀረበ አልተባለም፤ ስለ ድመት ለድመት የተነገረ ነገር ነው ብሎ ለድመቷ ተወላት። እንዲያውም አመዱን ቶሎ ቶሎ ይለውጥላት ጀመር። እሱ በለወጠ ቁጥር እሷ ባሰባት።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል የባሰው መጣ። የአብዮት በዓል ደርሷል፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አካሉ ለሰልፉ ካኪ ኮትና ሱሪ አሰፍቶ ነበር። ኑርሑሴን ጨርሶ፣ ተኩሶ፣ አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጠዋት መዲና አፍንጫዋን ይዛ ጠራችው።

«ና እስቲ አሽትት።»

አሸተተ።

«የማን ነው?» አለችው።

«የሊቀ መንበሩ።»

ከጥጉ አንድ ድምፅ ተሰማ። እመት ጀሊላ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እየሳቁ ነው። ልጁ ከሄደ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ የሰማቸው የለም፤ ትከሻቸው ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኑርሑሴን ለዚያ ሳቅ ሲል ኮቱን ደግሞ ለድመቷ ያነጥፍላት ነበር። አሁን ግን የታየው ጓድ አካሉ ነው። ልጁን ያስመዘገበበት ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ የነበረው እሱ ነው፤ ያን ቀን የፈራው ፍርሃት እንዳለ ተመለሰበት። ስፒሎቹን ከአፉ አወጣቸው።

«ከረጢቱን ፈልጊልኝ» አላት መዲናን። «ነገ ከአባይ ድልድይ ማዶ ወስጄ እጥላታለሁ። ወንዝ ካሻገሯት አትመለስም።»

ሳቁ ተቋረጠ። እመት ጀሊላ ድመቷን በእጃቸው ጠበቅ አድርገው ያዟት።

«ውሮ» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «አንቺንም ሊያስመዘግብሽ ነው።»

ኑርሑሴን ስፒሎቹን ወደ አፉ መለሰ። መዲና ከረጢቱን አላመጣችም፤ እሱም ደግሞ አልጠየቃትም። ኮቱን ግን ራሱ ወስዶ በሳሙና አጠበው።

በነጋታው ፀሐይ የለም፤ ኮቱ መድረቅ ያለበት በካውያ ነው። ኑርሑሴን ከሰሉን አቀጣጥሎ እርጥቡን ካኪ ይተኩስ ጀመር። እንፋሎቱ ሲነሣ ያ ሽታ አብሮ ይነሣል፤ ፊቱን ወደ በሩ እያዞረ ተኮሰ። ከሰሉ ሲደክም የካውያውን ክዳን ከፈተው። ክዳኑ ቃ አለ።

ድመቷ ከእመት ጀሊላ ጭን ላይ ዘልላ ከመደቡ ሥር ገባች።

ኑርሑሴን ቀና አለ። ዝናብ የለ፣ መኪናው አይሠራ፣ መዲና ገበያ ሄዳለች። ምን አስበረገጋት? ይህን እያሰበ እጁ የራሱን ሥራ ሠርቶ ኖሯል፤ ካውያውን ወደ ቆርቆሮው ገልብጦታል። ክዳኑን ዘጋው፤ ደግሞም ከፈተው። ቃ። ከመደቡ ሥር ድመቷ ወደ ግድግዳው ስትሸሽ ጥፍሯ መሬቱን ሲቧጭር ሰማ።

ካውያውን አስቀምጦ ከቆርቆሮው ፊት ቁጢጥ አለ። አመዱ ነጭ ነው፣ ልስልስ ያለ፣ የተነፋ ዱቄት ይመስላል። ድመቷ እንደምታደርገው አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየውና ጣቱን ሰደደበት።

መጮህ አልቻለም፤ ስፒሉ አለ። ጣቱን በሌላው እጁ ጨብጦ እዚያው እንደተቀመጠ ቀረ። ላዩ አመድ፣ ውስጡ ፍም፤ ረመጥ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ረመጥ የረገጠችስ አመድ ብትሸሽ ምን ይደንቃል? እነሱ አመል ነው አሉ፣ ቅንጦት ነው አሉ፣ አፍንጫዋን አሹ፣ መቷት። እሱም እያዘነላት፣ አመዷ ይታደስላት እያለ፣ ባዘነላት ቁጥር አዲስ እሳት ሲያነጥፍላት ከርሟል።

ተነሥቶ ወደ መደቡ ሄደ። እመት ጀሊላ ጎንበስ ብለው ድመቷን ከሥር አውጥተው ታቅፈዋታል። ኑርሑሴን ከእግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠና የድመቷን የፊት እግር ቀስ አድርጎ ገለበጠው። ከመዳፏ ሥር ቆዳው ተልጦ፣ ሽሮ፣ ደግሞ ተልጦ ነበር። ሌላኛውን አየ፤ እሱም እንዲያው ነው።

ስፒሎቹን ወደ መዳፉ ተፋቸው።

«እማ፣ እኔ ነኝ» አለ። «የካውያውን ረመጥ ከቆርቆሮዋ ውስጥ ስደፋ ከርሜአለሁ። እኔ ነኝ ያቃጠልኋት። ሳላውቅ ነው።»

 የእመት ጀሊላ እጅ የድመቷን ጀርባ መዳበሱን አላቆመም።

«ውሮ» አሉ፣ «ልጁንስ ሳያውቅ ነው?»

ኑርሑሴን ያን ሁሉ ወር ያከማቸው ምክንያት አፉ ድረስ መጣ። ቤቱ አለ፣ ማኅበሩ አለ፣ እስሩ አለ፣ የትም ቢሄድ አይቀርለትም ነበር የሚለው አለ። አንዱንም አልተናገረውም።

«እሱንስ አውቄ ነው» አለ። «ፈርቼ ነው፣ እማ። ፈራሁ።»

 እናቱ እጃቸውን ከድመቷ ላይ አንሥተው አየር ላይ ፈለጉ፤ የእሱን እጅ አገኙት፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱና ያበጠው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ምራቃቸውን በጣታቸው ነክተው ቀቡት፤ ሕፃን ሳለ ካውያ ሲነካ ያደርጉት እንደ ነበረው።

«ውሮ፣ አመዱን ደጅ ይድፋው በይው» አሉ። «ላንቺም ከሐይቁ ዳር አሸዋ ያምጣልሽ። አሸዋ እሳት አይደብቅም።»

ኑርሑሴን ኮቱን እንዳንጠለጠለ ትቶት ባልዲ ይዞ ወጣ። ጣና ዳር ወርዶ ንጹሑን አሸዋ እየመረጠ ሲያፍስ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች «ኑርሑሴን፣ ቤት ልትሠራ ነው?» ብለው ሳቁበት። አዎ፣ አላቸው። አሸዋውን በሳሙና ሳጥን አድርጎ ከካውያውም ከስፌት መኪናውም ርቆ፣ ከእናቱ መደብ ሥር አስቀመጠው። የዘይት ቆርቆሮው ደጅ ወጣ። ቅርጫቱ ክዳን ተሠራለት። መዲናም ከገበያ ስትመለስ ሁሉን ሰማችና ድመቷን አቅፋ «ወይኔ!» እያለች ቆየች፤ ድመቷ ግን ገና አላመነቻትም፤ ተወራጭታ ወረደች።

በአንድ ጊዜ አልሆነላትም። አሸዋውን ዞረችው፣ አሸተተችው፣ አንድ እግሯን አንጠለጠለች፣ ሰበሰበች። እንደገናም ከልብስ ሳጥኑ ሥር ሸናች። ያን ጊዜ ማንም አልተናገራት፤ መዲና ጠረገችና ሥራዋን ቀጠለች። ጓድ አካሉ ኮቱን ሊወስድ ሲመጣ ለበሰው፣ አንገትጌውን አስተካከለ፣ አፍንጫውንም ነፋ ነፋ አደረገ።

«ምንድን ነው የሚሸት?»

«ክረምት ነው ጓድ፤ ጨርቅ አልደርቅ አለ» አለ ኑርሑሴን።

«ውሮ፣ ክረምት ነው አሉ» አሉ እመት ጀሊላ ከጥጋቸው። ኑርሑሴን ክር የሚፈልግ መስሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በዓሉ አለፈ፣ ዝናቡም ቀነሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኑርሑሴን የሱሪ ጠርዝ እየሰፋ ሳለ ስሙ ተጠራ።

«ኑርሑሴን!»

መዲና የጠራችው መስሎት ወደ ጓዳው ዞረ። መዲና ከበሩ ላይ ቆማ ወደ ጥጉ ታያለች።

«አቤት፣ እማ?» አለ፤ ሲል ስፒሎቹ ሁሉ ከአፉ ረገፉ።

«ያን መኪና አቁመውና ስማ» አሉት።

አቆመው። ከመደቡ ሥር አሸዋው ጫር፣ ጫር፣ ጫር ይላል። ዝም አለ፤ ደግሞ ጫር ጫር። ድመቷ አልብሳ ወጣችና ጭራዋን ቀጥ አድርጋ በመሐላቸው አልፋ ሄደች።

«ሰማሁ፣ እማ።»

«የልጁ ወሬ አለ?»

«እስካሁን የለም።»

«ሲመጣ አንተው ንገረኝ» አሉ። «ደግም ቢሆን ክፉም ቢሆን፣ ከሌላ ሰው አፍ እንዳልሰማው።»

«እሺ» አለ ኑርሑሴን። ስፒሎቹን ሊለቅም ተንበረከከ። ዓይኑን እንባ ሞልቶት ስለነበረ መሬቱን በእጁ እየዳሰሰ ነው ያገኛቸው።